በራስሽ አፍ ንገሪኝ

እታለሜ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ወገብሽን ተሻለሽ? ልጆቹስ እንደ ልማዳቸው ቤቱን ገለባብጠውታል? እኔ ደኅና ነኝ፤ እንዲያውም ከደኅናም በላይ።

ጥናቴ አለፈ። ያ የሕሙማን ክፍል ጫጫታ የበሽተኛን እንቅልፍ እንዴት እንደሚነሳ የጻፍኩት፣ በስልክ ያለቀስኩብሽ። ያኔ ሁሉንም አልነገርኩሽም። አማካሪዬ ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ ሲዘረጉት ግማሹ ቀይ ነበር። ከሰው መጽሐፍ ቃል በቃል የወሰድኩትን ኮምፒውተሩ ለቅሞ አቅልቶታል። ምንጩን ጠቅሼ የለም ወይ ብላቸው፣ መጥቀስ ብቻውን አይበቃም፤ ቃሉ የሰው ከሆነ በትምህርተ ጥቅስ ይግባ፣ ያንቺ ከሆነ ደግሞ አንቺን ይምሰል አሉኝ። ካላስተካከልኩ ከትምህርቱ መሰናበቴ ነው።

ቤተ መጻሕፍት ገብቼ አንድ ቃል እዚህ፣ አንድ ቃል እዚያ እየቀያየርኩ ስታገል መጽሐፍ የሚያውሰው ሠራተኛ አየኝ። እሱም ከሥራ በኋላ ሁለተኛ ዲግሪውን ይማራል። ለሰውየው ልብስ ቀየርሽለት እንጂ ያው ራሱ ነው አለኝ። መጽሐፉን ከድኖ ምን እንደሚል በራስሽ አፍ ንገሪኝ ሲለኝ ያንኑ የመጽሐፉን ቃል ደገምኩለት። ለካ ሳይገባኝ ነበር የገለበጥኩት። እንደገና አነበብኩ፣ እንደገና ከደነው። በመጨረሻ ለአንቺ እንደማወራው ማውራት ጀመርኩ፦ የመድኃኒት ጋሪው ጎማ ሲጢጥ ሲል፣ እኛ ነርሶች ኮሪደር ላይ ስንሳሳቅ፣ በሽተኛው ባንኖ ሲነቃ። ይህን ጻፊው፣ ሐሳቡን ያገኘሽበትን ሰው ስም ደግሞ ከጎኑ አስቀምጪ አለኝ። ከዚያ በኋላ ከሥራ በወጣሁ ቁጥር እግሬ ወደዚያው ሆነ። አማካሪዬ አዲሱን አንብበው ሲጨርሱ፣ አሁን ገና ድምፅሽን ሰማሁት አሉኝ።

ለቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ልነግረው እየሮጥኩ ሄድኩ። ደስ ብሎት ሲያበቃ የራሱን ጥናት አወጣ፤ ስለ ንባብ ክፍል ጸጥታ ነው የሚጽፈው። አንድ ገጽ ላይ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ «የታመመ ሰው ከመድኃኒት እኩል ጸጥታ ይለምናል» ይላል። ሻይ ስንጠጣ ያልኩት ነው፤ እኔ ረስቼዋለሁ። ስምሽን ልጻፍበት ወይስ ላውጣው ብሎ ፈቃድ ጠየቀኝ። ጆሮው ቀልቷል። ጻፈው አልኩት።

ሥራ ቦታ ምን ያስቅሻል እያሉ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥተውኛል። ስላለፍኩ ነው እላቸዋለሁ። ቤተ መጻሕፍቱን ግን አልተውኩትም፤ የምጽፈው ባይኖረኝም።

ፈጣሪ ጤናሽን ይመልስልሽ፣ ልጆችሽን ለቁም ነገር ያብቃልሽ። ለእማዬ ማለፌን ንገሪያት። ሌላ ሌላውን ራሴ መጥቼ እነግራታለሁ።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ