እየተራመዱ መቁጠር

ውድ እህቴ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት። ጽሑፉ ያምራል፣ እውነቱ ግን ይጎድለው ነበር። ልጅሽ ቤትሽን ቆልፎ ወደ እሱ ቤት የወሰደሽ በእኔ ቃል ነው።

ሆስፒታል ሄደን አካሄዳችንን የተመረመርንበትን ቀን ታስታውሻለሽ። ባለሙያዋ የክብሪት ሳጥን የሚያህሉ መለኪያዎች ቁርጭምጭሚታችንና ወገባችን ላይ አሰረችልን፤ እርምጃችን ኮምፒውተሩ ላይ መስመር እየሆነ ይወጣ ነበር። ዝም ብለን ስንሄድ ሁለታችንም ደህና ነበርን። ቀጥላ፣ «አሁን ደግሞ ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሳችሁ ሂዱ» አለች።

አንቺ ቀደምሽ።

«ዘጠና ሦስት፣ ሰማንያ አምስት...»

«ሰማንያ ስድስት!» ብዬ ከወንበሬ ጮኽኩ።

«እትዬ፣ ቁጥሩን አንቺ ያዢው፣ መንገዱን ለእኔ ተይልኝ!» ብለሽ እየሳቅሽ ኮሪደሩን ጨረስሽው። ከመጀመሪያው በቀር አንድም ልክ መልስ አልነበረሽም። እግርሽ ግን አንዴም አልቆመም።

እኔ እስከ ሠላሳ ድረስ አንድም አልሳትኩ። በየቁጥሩ ግን እቆም ኖሯል፤ መቆሜን ያወቅሁት መስመሩን ሳይ ነው።

«እማማ፣ ሲያስቡ እግርዎ ይቆማል። የቤትዎ ደረጃ አንድ ቀን ይጥልዎታል፤ ብቻዎን ባይኖሩ ይሻላል» አለችኝ ባለሙያዋ፣ አንቺ ውጭ ሆነሽ ስትጠብቂኝ።

«እሷስ? ሂሳቡን እኮ ሳተች! ውጤቷ ይሰረዝ እንጂ።»

«እኛ የምናርመው እግር ነው» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። አባታችን የእኔን ደብተር አይቶ «ጎበዝ» ይልና ይመልስልኝ ነበር፤ የአንቺን ሲያይ ግን እንባው እስኪመጣ ይስቃል። ያንን ሳቅ ዕድሜዬን ሙሉ ተመኝቼዋለሁ። አሁን ደግሞ እኔ ቤቴን ልቀቅ፣ አንቺ ጓሮሽን እየኮተኮትሽ ልትኖሪ?

በማግስቱ ልጅሽ ሲደውል፣ «ሁለታችንንም ብቻችሁን አትኑሩ ብለውናል» አልኩት። የሁለታችንም የውጤት ወረቀት እኔ ዘንድ ነበር። አንቺም እንደ ልማድሽ ሳትጠይቂ አመንሽኝ።

ዛሬ ጠዋት ደውዬ እውነቱን ነገርኩት።

«አክስቴ፣ ተሳስተው ነው?» አለኝ።

አዎ ማለት ቀላል ነበር። «አልተሳሳትኩም፤ ቀንቼባት ነው» አልኩት። ቅዳሜ ቁልፍሽን ይመልስልሻል። ወረቀትሽን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። እኔ በወሩ መጨረሻ ልጄ ዘንድ እገባለሁ።

ቅናቴ አልለቀቀኝም። ከእንግዲህ ሲነሣብኝ ግን ለአንቺው እጽፋለሁ እንጂ ለሌላ ሰው ትንፍሽ አልልም።

ታላቅ እህትሽ