ለእንግዶቹ ማንበብ

ኅዳር 4፣ ማታ

ገመድ ሳስር ስፈታ ዋልሁ። ጀልባዋ ከዘጌ ቡና ጭና ገባች፤ ሰው፣ ዶሮ፣ አንድ የሚያስነጥሱ መምሬ። መዳፌ ተልጧል። ግን እይ አያ ደብተር፣ በተላጠ መዳፍ እንዲህ አሳምሮ የሚጽፍ ሌላ የወደብ ሠራተኛ ካለ ይምጣና ይሞክረኝ! የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቴ ግድግዳ ላይ ነው። ከሥዕለ ማርያም ትንሽ ዝቅ፣ ከመስተዋቱ ትንሽ ከፍ።

አሁንማ ማሳጠርም እችላለሁ። ሊ/መንበር። ጽ/ቤት። ጓ/ ታደለ፣ እኔ። አንዲት ጭረት ሰውን ባለሥልጣን ታስመስላለች።

ዛሬ የቀበሌው ሊ/መንበር አስጠራኝ። ምን አጠፋሁ እያልሁ ሄድሁ። ለካ ለመልካም ነው። የውጭ መንግሥታት እንግዳ ሊልኩ ነው አለ። ጴንጤዎች ይደበደባሉ፣ ይታሰራሉ፣ ጸሎት ቤታቸው ይታሸጋል የሚል ወሬ ሰምተው፣ በዓይናችን እንይ ብለዋል። ስለዚህ ጸሎት ቤቱ ለአንድ ጠዋት ይከፈታል።

ጸሎት ቤቱ ማለት የኔ ት/ቤት ነው። ባለቤቶቹን ሲያስሩ ቀበሌው ወረሰው፤ ሀ ሁ የቆጠርሁት እዚያ ነው። ቁልፉን ትይዝ የነበረችው እቴ የሺ ናት፣ ታላቅ እኅቴ፣ እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ። ቤት ውስጥ ስትጸልይ ተይዛ ከሁለት ክረምት ወዲህ ወህኒ ናት፣ ከአምስት ባልንጀሮቿ ጋር። እኔ የታቦት ልጅ ነኝ። እግዜር ደንቆሮ ነው ወይ፣ ምን ያስጮኻችኋል እያልሁ ስቀልድባት ኖርሁ። ከወሰዷት ወዲህ ግን አልቀለድሁም።

ምእመን መስለን የምንገባው እኛ የማታ ተማሪዎች ነን። መጽሐፍ ቅዱሱን የማነበው እኔ። ድምፄ ከሞተር በላይ ይሰማላ! ካሳመርህ የእኅትህን ነገር እናያለን አለ ሊ/መንበሩ። ማየት ነው መፍታት? ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀ። ትፈታለች አለ።

ኅዳር 7

ልምምድ። ያስቃል፣ ያስጠላልም። ጴንጤ እንዴት እንደሚሆን የሚያውቅ አንድ ሰው የለም። ወ/ሮ ጥሩነሽ ጠላ ሻጯ ገና ሳትገባ ጫማዋን አወለቀች፣ መቃኑን ሳመች፣ ሦስት ጊዜ አማተበች። የሚያለማምደን የቀበሌው ካድሬ ጮኸ፦ «ጴንጤ በር አይስምም! ጫማም አያወልቅም!» እሷም «ታዲያ እግዚአብሔር ቤት እንደ ከብት ዘው ልበል?» አለች። ሳቅን። እኔ አንድ ገጽ ሳልደናቀፍ አነበብሁ። ካድሬው እንኳ አጨበጨበ።

እቴ የሺ ለገና ቤቷ ናት። በግ እገዛለሁ።

ኅዳር 9፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

በተራ ልጻፍ።

ጠዋት እንግዶቹ መጡ። አራት። እኛ ከውጭ በሰልፍ። ግቡ ሲባል፣ ልማድ ክፉ ነው፣ ሁሉም ጫማውን አወለቀ። ሁሉም መቃኑን ሳመ። እኔም ሳምሁ! ሊ/መንበሩ አመድ መሰለ። በቃ፣ ታወቀብን አልሁ። ደግሞም ደስ አለኝ። ይወቁብን! በነፃነት ታመልካላችሁ? ተብለን ተጠየቅን። አዎ አልን ባንድ ድምፅ፣ ልክ ሀ በሉ እንደተባለ ክፍል። ከዚያ አነበብሁ። አቤት አነባበብ! ረጅሙ እንግዳ ራሱን ነቀነቀ፣ ጻፈ።

ከሰዓት በኋላ ገዳም ሊያዩ በኛ ጀልባ። ረጅሙ እኔ ካለሁበት ከፊት መጣ። ሌሎቹ ከኋላ ናቸው፣ ሞተሩ ያጓራል፣ ሰሚ የለም። ባማርኛ ሰላም አለኝ! ልጅነቱን አባቱ በሚሠራበት የሚሲዮን ሆስፒታል ነው ያሳለፈው። አነባበብዎ መልካም ነው አለኝ። እኔን፣ ገመድ አሳሪውን፣ አንቱ።

ነገርሁት። ሁሉንም። እኅቴ ታስራለች፣ ስድስት ናቸው፣ ቤቱ የነሱ ነው፣ እኛ ውሸት ነን።

አልደነገጠም። እናውቃለን አለ። ጫማ ስታወልቁ ገባኝ አለ። የስድስቱም ስም ከአገሩ መንግሥት ዘንድ እንዳለ፣ ግን ጊዜው እንዳልሆነ፣ መንግሥታቱ ሌላ የሚነጋገሩበት ብዙ ጉዳይ እንዳላቸው፣ አጥብቀው ከጠየቁ በሩ ጨርሶ እንደሚዘጋ ነገረኝ። ሐሳብ እንደገባቸው ይገልጻሉ አለኝ። ሐሳብ! ከዚያ ውኃው ላይ የተንሳፈፈውን ወፍ አሳይቶ ስሙን ጠየቀኝ። ይብራ አልሁት። ደብተሩን አወጣ። ጻፈው።

የወፉን ስም ጻፈ፣ አያ ደብተር።

ኅዳር 12

ሚካኤል ነው፤ ቤተ ክርስቲያን አልሳምሁም። ጠጅ ቤት ራዲዮ ሰማሁ። የተከበሩት እንግዶች አምልኮ በነፃነት ሲካሄድ ማየታቸውን ገለጹ፣ የአገራቸው ትብብር ይቀጥላል። ጠጁ አፌ ውስጥ ጎመዘዘ። ተፋሁት፣ የከፈልሁበትን!

ቀበሌው ዋሸ። ይዋሽ፣ ደመወዝ ይበላበታል። እነዚህ ግን እውነቱን በኪሳቸው ይዘው፣ የኛን አሣ በልተው፣ አፋቸውን ጠርገው። ቱ!

ሊ/መንበሩ ዘንድ ሄድሁ። ቃልዎስ? አልሁት። «ማን ታስሮ ማን ይፈታል?» አለኝ። «ፈረንጆቹ እንኳ አይተው የታሰረ የለም ብለው የለ?»

ወጥቼ ወደ ወደቡ ሄድሁ። በእቴ የሺ ላይ በሩን የዘጋሁት በራሴ ድምፅ ነው።

ኅዳር 14

ስንቅ ይዤ ወህኒ። እቴ የሺ ከአጥሩ ወዲያ። ከስታለች፣ ሳሉ አልተዋትም። ሰምታለች።

«አንተ፣ አነበብህ አሉ?»

«አነበብሁ።»

«ሳትሳሳት?»

«ሳልሳሳት፣ እቴ።»

«እሰይ! እናታችን ይኸን ሳታይ።» ኮራችብኝ! ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የጫማውን ስነግራት አጥሩን ይዛ ሳቀች፣ ሳሉ እስኪያጥፋት። ከዚያ ንባቡን የት ላይ እንዳቆምሁ ጠየቀች። ነገርኋት። ቀጣዩን በቃሏ ወጣችው፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ቀስ ብላ። ዘበኛው ዝም በይ አላት። ሳትቸኩል እስከ መጨረሻው ጨረሰች።

ለካ ያነበብሁት የሷን መጽሐፍ ነው።

ኅዳር 19፣ ማታ

ነገ ሌሎች ይመጣሉ። ሌላ አገር፣ ሌላ መንግሥት። ሊ/መንበሩ ደስ ብሎታል፤ ከእንግዲህ ጫማ የሚያወልቅ ወዮለት ብሏል። አንባቢው ያው እኔ። ድምፅህን ጠብቅ፣ ጠላ አትጠጣ አለኝ።

ሳስበው ዋልሁ። ቢነገራቸው ያውቁታል። ባይነገራቸውም ያውቁታል። የሚፈልጉት አሳምሮ የሚያነብላቸው ሰው ነው፣ አሳምሮ አነበበ ብለው እንዲጽፉ። የሚጽፉት አያጡም፤ ሐይቁ ወፍ ሞልቶታል። የኔን ድምፅ ግን አያገኙም። ሊ/መንበሩ ታደለ ማንበብ አይችልም ይበላቸው። ታዲያ ምስክር ወረቀቴን የፈረመው ራሱ አይደል?

ከዚያ ወዲያ የሚመጣው አይጠፋኝም። እፈራለሁ፤ ላንተ አልዋሽም። ወረቀቱን ከግድግዳ አወረድሁት። በእቴ የሺ ሣጥን ውስጥ፣ ከነጠላዋ ሥር አኖርሁት። አንተንም፣ አያ ደብተር፣ እዚያው ነው የማስገባህ።

ነገ ጫማዬን አወልቃለሁ። መቃኑን እስማለሁ። ፊታቸው ቆሜ መጽሐፉን እገልጣለሁ። ዝም እላለሁ።