እህትሽ ቤት ከመግዛቷ በፊት

ውድ የወንበር ጎረቤቴ፣

«እዚያ የሚያድር እንጂ የሚኖር ሰው የለም።»

ይህን ያለችው ባንክ ውስጥ ሰልፍ ላይ ከፊቴ የቆመች ሴት ናት፤ ስለዚህች ስለ እኛ ትንሽ ከተማ ለጓደኛዋ ስታወራ ሰማኋት። ሴትየዋ ማማረሯ ነበር። እኔ ግን ቃሏን እንዳለ ወሰድኩት። ያኔ የምፈልገው ማደሪያ ነው። መኖሪያማ ትልቁ ከተማ ውስጥ ሞልቶኝ ነበር፤ መሥሪያ ቤት ነበረኝ፣ ጓደኞች ነበሩኝ፣ የምጣላው አከራይ ነበረኝ። የጎደለኝ በሩን ስከፍት አልጋ ጉልበቴን የማይመታኝ ቤት ነው። ብዙም ሳልቆይ ጓዜን ጠቅልዬ መጣሁ።

ከእኛ ጋር አውቶቡስ የምትሳፈረው ነርስ ያመጣችልኝን ወረቀትሽን አነበብኩት። መነጽር ልትለካ ሱቅሽ ስትመጣ ስለ እኔ እንደ ጠየቅሻት ነገረችኝ፤ እንዴት አድርገሽ እንደ ጠየቅሽ ግን ብለምናትም አልነገረችኝም። ታናሽ እህትሽ እዚህ ቤት ልትገዛ አስባለችና ጥሩውንም መጥፎውንም ሳልደብቅ እንድጽፍልሽ ትፈልጊያለሽ። ዕድሜዬን ሙሉ የተጋጨ መኪና እየዞርኩ ጉዳት ስገምት የኖርኩ የኢንሹራንስ ሰው ነኝና ጥያቄሽ አድራሻውን አልሳተም። በእኛ ሥራ መጀመሪያ የሚጻፈው ያልተነካው ነው። እኔም ከደህናው ልጀምር።

አየሩ ጥሩ ነው። ይህን የሚክድ የለም፤ ምንም እንኳ ቀን ቀን የሚተነፍሱት ድመቶቹ ብቻ ቢሆኑ። ቤቱ ሰፊ ነው። ድሮ መነጽሬ ሲጠፋኝ እጄን ዘርግቼ አገኘው ነበር፤ አሁን ከክፍል ክፍል እየዞርኩ እፈልገዋለሁ፤ ይህም አንድ ዓይነት ሀብት ነው። ዝናብ ሲጀምር የመጀመሪያዋ ጠብታ ቆርቆሮው ላይ ስታርፍ ትሰማለች። የተከልኩት ሎሚ አፍርቷል። ጎረቤቶቼም ጨዋዎች ናቸው። የቀኝ ጎረቤቴን ፊት በቀን ብርሃን ያየሁት መኪናው የተበላሸ ዕለት ነው። አዲስ የገባ ሰው መስሎኝ «እንኳን ደህና መጡ» አልኩት። ለካ ከእኔ በፊት ጀምሮ እዚያው ነው። እሱም አከራዩ መስዬው ኖሯል።

መጥፎውን ደግሞ እዚሁ ስትኖሪ አንቺም አይተሽዋል። ጨለማ ለብሰን እንወጣለን፣ ጨለማ ለብሰን እንገባለን። እዚህ ውሻ እንኳ እሑድ ቀን ጌታውን ሲያይ ይጮህበታል፤ የሚያውቀው በማታ ነዋ። ወዳጅ ዘመድ «ቅርብ አይደል፣ እንመጣለን» ይላል፤ አንድ ጊዜም ይመጣል፣ በሽተኛ ጥየቃ እንደ መጣ ሰው ወንበር ጫፍ ላይ ቁጭ ይላል፣ ስለ መንገዱ ያወራል፣ ይሄዳል።

ለእህትሽ አስምረሽ የምትነግሪያት ግን ይህን ነው፤ የመጨረሻው አውቶቡስ ሰውን ከጨዋታ የሚያስነሣው ጨዋታው ሲደራ ነው። በዚህ የተነሣ የጓደኞቼን ወግ ሁሉ የማውቀው እስከ መካከሉ ነው። ልብስ ሰፊው ጓደኛዬ የሁለት ሙሽሮችን ልክ አምታቶ፣ ለረጅሙ የአጭሩን ለአጭሩ የረጅሙን ሰፍቶ፣ ሁለቱም በሠርጋቸው ዋዜማ በሩ ላይ ቆመው ሲያንኳኩ እኔ ኮቴን ለብሼ ሮጥኩ። ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ላንቺ ነገርኩሽ። «እና ታዲያ ምን ችግር አለ?» አልሽኝ፣ ዓይንሽን እንኳ ሳትገልጪ። «ልብሱን ከሚፈታ ሙሽሮቹን አለዋወጣቸዋ። እስከ ዛሬ ተፋቅረው ይኖራሉ።» እውነተኛውን መጨረሻ በኋላ ሰማሁት። ልብሱን ፈትቶ እንደ ገና ሰፋላቸው። ምኑም አይጥምም።

አየሽ፣ እዚህች ከተማ ከመጣሁ ወዲህ የሰማሁት ወግ ሁሉ መጨረሻው ያንቺ ነው።

ባልና ሚስት ያደረገን ቲኬት ቆራጩ መሆኑን ታስታውሻለሽ? አታስታውሺም፤ ተኝተሽ ነበር። ጭንቅላትሽ ትከሻዬ ላይ ነው። «ጋሼ፣ የባለቤትዎንም ከእርስዎ ልቀበል?» አለኝ። አይደለችም ልለው አፌን ከፈትኩና ትነቂያለሽ ብዬ መልሼ ዘጋሁት፤ ከፈልኩ። በማግሥቱ አንቺ የሁለታችንንም ከፈልሽ። እኔ አንቺ ታስተባብዪዋለሽ ብዬ ዝም፣ አንቺ ምናልባት እኔ አስተባብለዋለሁ ብለሽ ዝም፤ እንዲህ እንዳልን ዓመታት ሄዱ። ከፊት ወንበር ተነሥቶ የማያውቀው፣ በዚህም ሊቀ መንበር የምንለው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ አንድ ቀን ወደ ኋላ ዞሮ «እንደ እናንተ ሳይነታረክ የሚኖር ባልና ሚስት አላየሁም» ሲለን «ችዬው ነው» አልሽው። ያን ዕለት ያየኋቸው የተጋጩ መኪናዎች ሁሉ ደህና መሰሉኝ።

ከዚያ አንድ አርብ ልትወርጂ ስትነሺ «ሰኞ አልመጣም። ከሱቁ ጀርባ ቤት አገኘሁ» አልሽኝ። ምን እንዳልኩሽ ታውቂያለሽ። «እንኳን ደስ ያለሽ፤ እንግዲህ እንቅልፍ ትጠግቢያለሽ» አልኩሽ። «አዎ፣ እንቅልፍ» ብለሽ ወረድሽ።

ሰኞ ነርሷ ወንበርሽን አይታ «እትዬስ?» አለችኝ።

«ከተማ ገባች» አልኩ። እውነቴን ነው። ግን ከአፌ ሲወጣ «ጥላኝ ሄደች» የሚል መሰለ። ጡብ ፋብሪካው ጋ ሳንደርስ ወሬው የኋላ ወንበር ደርሷል። ማታ ስንመለስ ሾፌሩ መኪናውን ሳያስነሣ መሪው ላይ ተደግፎ ጠበቀኝ፤ ሊቀ መንበርና ነርሷ ግራና ቀኝ ቆመዋል።

«ምን አድርገሃት ነው?» አለ ሾፌሩ።

«ምንም አላደረግኳት።»

«እኮ» አለች ነርሷ። «የሄደችውም ለዚሁ ይሆናላ።»

«ቆይ አንቺ፣ እኔ ልጠይቀው» አለ ሊቀ መንበር። «ሌላ ሰው አለ?»

«በእኔ በኩል የለም።»

«በእሷስ?»

«አላውቅም።»

ሊቀ መንበር ወደ ተሳፋሪው ዞረ። «ሚስቱ ሌላ ሰው ይኑራት አይኑራት የማያውቅ ባል። እስቲ ፍረዱኝ።»

ያን ጊዜ እውነቱን ልነግራቸው ይገባኝ ነበር፤ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ናት። ግን «ሚስቴ አይደለችም» ብል ምንም እንዳልነበረኝ በሰው ፊት መማል መሰለኝ። አንገቴን ደፋሁ። እነሱ ጸጸት ነው ብለው ቆጠሩልኝ፤ ሾፌሩም ሞተሩን አስነሣ።

ከዚያ ወዲህ ወንበርሽ ላይ ሰው አይቀመጥም። ሰው ቆሞ በሚሄድበት ቀን እንኳ ቲኬት ቆራጩ «እሱ ቦታ ባለቤት አለው» እያለ ያልፋል። «ተወው» ስለው «ጋሼ፣ እርስዎ ብቻ ተስፋ አይቁረጡ» ይለኛል። ከጡብ ፋብሪካው አልፈን መንገዱ የሚሰባበርበት ቦታ ስንደርስ፣ ሁልጊዜ እንቅልፍ የሚጥልሽ ቦታ ላይ፣ ትከሻዬ ሳላዝዘው ከፍ ይላል። መሄድሽን ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። አይሰማም።

ወረቀትሽ የደረሰኝ ዕለት አውቶቡሱ ሠርግ ቤት መሰለ። ሰው ሁሉ በየራሱ መልስ አረቀቀልኝ። ሾፌሩ «በስልክ ሰው ይዋሻል፣ በእጅህ ጻፍላት» አለ። ሊቀ መንበር «ይቅርታ የሚል ቃል ይግባበት። ለምኑ እንደሆነ አትዘርዝር፤ እሷ ታውቀዋለች» አለ። ነርሷ መነጽሯን ልትወስድ ሐሙስ ስትመጣ ይህን ታደርስልሻለች። «አላነበውም» አለችኝ፤ «ግን ለማንኛውም ያሽጉት።»

ስለ እህትሽ የምለው ይህን ነው። ቤቱን ከማየቷ በፊት አውቶቡሱን ትሳፈር። ከከተማ ወጥቶ ቤት የገዛ ሰው የገዛው መንገዱን ነው፤ ቤቱ ምራቂ ነው። አጠገቧ ማን እንደሚቀመጥ የሚነግራት ደላላ ደግሞ የለም። ጥሩ ሰው ከገጠማት ርቀቱ ያጥርባታል፤ እንዲያውም መንገዱ ሲጠገን ትናደዳለች። ያ ሰው አንድ ቀን ከወረደ ግን ግቢውም ሎሚውም አየሩም ተደምረው ያቺን አንዲት ወንበር አይሞሉላትም። ይህን ጉዳት እንዴት እንደሚገመት አላውቅበትም። ዋጋ የሌለው ዕቃ በእኛ ሥራ ሁለት ዓይነት ነው፤ የማይረባውና የማይተካው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። አውቶቡሱ ሁሉ «ተመለሺ በላት» ይለኛል። ቤቴ መጥቶ የማያውቅ ሰው ተመለስ አይባልም። ስለዚህ የእኔ ቃል ከእነሱ ያጠረች ናት፤ ነይ። እሑድ ቀን ነይ፣ ፊትሽን በፀሐይ ልየው፤ ስንት ዓመት አብረን ሄደን በደንብ ያየሁት ፀጉርሽን ነው። ብቻሽን መምጣቱ ከከበደሽ እህትሽን ይዘሻት ነይ፣ ቤት ሊያዩ መጡ እላለሁ። ወይም እኔ ልምጣ፣ ዓይኔን ለኪኝ። ሁለቱንም ካልወደድሽ ለነርሷ አንድ ቃል በያት፤ እኔ ይገባኛል። ለአውቶቡሱ እንዴት እንደማስረዳው ግን እንጃ። በጣም ነው የሚያዝኑት።

መልስሽን የሚጠብቅ፣
በመስመሩ ሁሉ ባልሽ የሚባለው ሰው

በነገራችን ላይ፣ ለእህትሽ ስለ መመላለሱ የጻፍኩት እንዳያስፈራራት። እኔ ጡረታ የወጣሁት አንቺ በሄድሽ በወሩ ነው፤ አውቶቡሱን ግን ዛሬም በየጠዋቱ እሳፈራለሁ።