ወደ ቤቱ የሚሄድ ፍጥረት

ደብረ ማርቆስ
መጋቢት 20 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለማከብርሽና ለምሳሳልሽ ለሥራነሽ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጾሙን በጤና ይዘሽው እንደ ሆነ፣ የእናትሽም ወገብ ተሽሏቸው እንደ ሆነ ለማወቅ እጓጓለሁ። እኔ በሕይወት አለሁ። ስለ ጤናዬ ከዚህ አብልጬ ብጽፍ ነገር የደበቅሁ እንዳይመስልሽ እፈራለሁ።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ገልብጬዋለሁ። አንቺ እስከ ስምንተኛ ክፍል የዘለቅሽ ነሽ፤ እኔ ከአራተኛ ክፍል የወጣሁ በመሆኔ ፊደል ብሳሳት ትታዘቢኛለሽ ብዬ እሰጋለሁ። በስልክ እንዳልነግርሽ ደግሞ፣ ድምፅሽን ስሰማ ልናገረው የያዝኩት ሁሉ ይበተንብኛል። ባለፈው ጊዜ ደውዬ ዝናብ ጥሎ እንደ ሆነ ብቻ ጠይቄሽ ዘጋሁት። በወረቀት ላይ ግን ሰው ቃሉን እስኪያገኝ ድረስ ዝም ቢል የሚሰማው የለም። ብቻሽን ሆነሽ እንድታነቢው እለምንሻለሁ።

መምሬ ኪዳነ ማርያም ለቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ከዲማ ወደዚህ መጥተው ሐሙስ ዕለት አገኙኝ። ሽማግሎቹ ለዳግም ትንሣኤ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቤታችንን ሊያካፍሉን ቀን መቁረጣቸውን ነገሩኝ። በሬዎቹ አንድ አንድ፣ ላሟ ለአንቺ፣ ጊደሯና ቀፎዎቹ ለእኔ ይሁን መባሉንም ሰማሁ። እኔም የአጎቴን ልጅ አበረን ድርሻዬን እንዲረከብልኝ ባለፈው ወር ወክዬው እንደ ነበር ታውቂያለሽ። የምጽፍልሽ ስለዚሁ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ከዚያ በፊት በዚህ ጾም የገጠመኝን አንድ ነገር ላጫውትሽ። የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ በእርግጥም ጨዋታ ነው። ያለ እርሱ ግን ሐሳቤን ልገልጽልሽ አልችልም።

እንደምታውቂው ዐቢይ ጾም ሲገባ ሉካንዳው ይዘጋል። አሠሪዬ ጋሼ እንዳላማው ቢላዋዎቹን ዘይት ቀብተው በጨርቅ ይጠቀልሉና «እስከ ፋሲካ እንደ ፍጥርጥርህ» ብለው ያሰናብቱኛል። አምና በዚህ ወቅት ድንጋይ ስጭን ከረምሁ። ዘንድሮ ግን በተከራየሁበት ግቢ፣ ከእኔ ክፍል ቀጥሎ፣ ዓለምነው የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ገብቷል። የአማኑኤል ከተማ ልጅ ነው፤ ኮምፒውተር ያጠናል፤ በክረምት ይመረቃል። ለመመረቂያው የሚያቀርበው ሥራ ጨዋታ መሆኑን ሲነግረን አከራያችን እትዬ ወለተ ኪዳን፣ ወላጆቹ ይህን ያውቁ እንደ ሆነ በሹክሹክታ ጠየቁኝ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። በስክሪኑ አንድ ወገን የአካል ክፍሎች ተደርድረዋል፤ ረጅም እግር፣ አጭር እግር፣ ሰኮና፣ ጥፍር፣ ክንፍ፣ ቀንድ፣ አንገት። በሌላው ወገን፣ ከኮረብታ ላይ ቆመሽ ቁልቁል እንደምታዪው ያህል፣ መሰናክል የበዛበት አገር ይታያል። አካሎቹን እየገጣጠምሽ አንድ ፍጥረት ትሠሪና ትለቂዋለሽ። ከተለቀቀ በኋላ ልትረጂው አትችዪም፤ በሰጠሽው አካል መንገዱን ራሱ ይፈልጋል። ማንኛውም አካል ክብደት አለው፤ የፍጥረቱም ትንፋሽ የተወሰነ ነው፤ ሲያልቅ ባለበት ይተኛል። ዓለምነው መሰናክሎቹን የወሰደው ከአገሩ ነው፤ የሐምሌ ዋልካ ጭቃ፣ ገደል፣ የሞላ ወንዝ፣ የድንጋይ ካብ።

ወደ እኔ የመጣው የፍጥረቶቹ የኋላ እግር እየተጠላለፈ ቢያስቸግረው ነው። ባየሁት ጊዜ ጥፋቱ ወዲያው ታየኝ። ብዙ ሰው እንደሚሳሳተው ቋንጃን ጉልበት አድርጎት ነበር። የበሬ የኋላ ጉልበት ከሆዱ አጠገብ ነው፤ ወደ ፊት ይታጠፋል። ከታች ወደ ኋላ የሚታጠፈው ቋንጃው ነው። ይህን በቃል ባስረዳው አልገባህ አለው። ስለዚህ በማግስቱ ከሉካንዳው ጓሮ ፀሐይ ያነጣቸውን አሮጌ አጥንቶች በማዳበሪያ ይዤ መጣሁ። እትዬ ወለተ ኪዳን በር ላይ ያዙኝ።

«በዐቢይ ጾም አጥንት ይዘህ ቤቴ ልትገባ?»

«ሥጋ እኮ የለውም፣ እትዬ።»

«ሥጋ ከሌለው ምን ልታደርገው ነው? ልታጫውተው?»

ዓለምነው ከውስጥ ሆኖ፣ እንዲያው ለመጫወቻ መሆኑን ቢነግራቸው ጭራሽ ተቆጡ። በመጨረሻም አጥንቱ ደጅ እንዲቀር፣ ኮምፒውተሩም አጥንቱ ወዳለበት እንዲወጣ ፈረዱ። ስለዚህ ከባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጠን፣ እኔ አጥንቱን እየገጠምሁ እርሱ እየሣለ፣ ሁለት ሳምንት ያህል ሠራን። ከአባቴ ቢላዋ ከተረከብሁ ጀምሮ ሙሉውን ስበልት ኖሬያለሁ፤ የተበለተውን ሙሉ ሳደርግ ግን የመጀመሪያዬ ነው። አጥንት ከአጥንት ጋር ገጥሞ እግሩ ሲራመድ ባየሁ ጊዜ ደስታዬን የምነግረው ሰው ፈለግሁ። የፈለግሁት ሰው ማን እንደ ሆነ አልጽፍም።

እግሮቹ ከተስተካከሉ በኋላ ዓለምነው የጨዋታውን መጨረሻ እንድሞክርለት ጠየቀኝ። እዚያ ላይ መጀመሪያ ዋልካ አለ፤ ቀጥሎ ከፍ ያለ ካብ፤ ከካቡ ወዲያ ደግሞ ፍጥረቱ ሊገባባት የሚገባ፣ ደጃፏ ዝቅ ያለ ጎጆ። ለዋልካው ረጅም እግር ሰጠሁት፤ ዋልካውን አልፎ ካቡ ሥር ቀረ። ለካቡ ጥፍርና ጠንካራ ወርች ጨመርሁለት፤ ከበደውና ዋልካው ውስጥ ተቀረቀረ። ክንፍ ጨመርሁ። ክንፉን የሚሸከም ደረት ጨመርሁ። አንድ ጊዜ ከሁሉም አምልጦ ጎጆዋ ደጃፍ ቢደርስ፣ ቁመቱም ስፋቱም አላስገባው አለ። በሩን ገፍቶ የሚያሰፋበት ቀንድ ጨመርሁለት። አንድ ሳምንት በዚህ አለቀ።

ዓለምነው በየቀኑ ቀንስለት ይለኛል። እኔ ግን መቀነስ አልቻልሁም። በእኛ ሙያ የሚጣል ብልት የለም። ቅርጫ ሲመደብ ምላሱም፣ ጨጓራውም፣ ኮቴውም ሳይቀር ባለቤት አለው፤ አንዲት ቁራጭ መሬት ላይ ብትገኝ መዳቢው ይጠየቃል። ስለዚህ አንዴ የገጠምሁትን አካል ልነቅል ስል፣ ይህ የማን ነው የሚለኝ ያለ ይመስለኛል፤ እጄ አይታዘዝልኝም። ይህን ስነግረው ዓለምነው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ባለቤት የለውም፣ ጋሼ። ጣለው፤ ማንም አይከስህም» አለኝ።

በአንደኛው ቀን እትዬ ወለተ ኪዳን ጌሾ ሲያሰጡ ቆይተው ጠጋ ብለው ስክሪኑን ተመለከቱ። ፍጥረቴ በዚያ ሰዓት ስድስት እግር፣ ሁለት ክንፍና ሁለት ቀንድ ነበረው።

«ይኼ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወደ ቤቱ ነው፣ እትዬ።»

«ሊገባበት ነው ወይስ ተሸክሞት ሊሄድ?»

ይህን ብለው ወደ ጌሿቸው ተመለሱ። ዓለምነው ሳቀ። እኔ ግን ልስቅ ብዬ አፌን ከከፈትሁ በኋላ ሳቁ አልመጣልኝም።

ባለፈው ረቡዕ ኮምፒውተሩን ለምኜ ብቻዬን ተቀመጥሁ። ክንፉን ነቀልሁ። ክንፍ ከሌለ ያ ሁሉ ደረት ምን ያደርግለታል ብዬ ደረቱንም ነቀልሁ። ቀንዱን፣ ጥፍሩን፣ ትርፍ እግሮቹን። በመጨረሻ አራት አጫጭር እግርና አንገት ብቻ የቀረው ትንሽ ነገር ሆነ፤ ሳየው አሳዘነኝ። ለቀቅሁት። ዋልካው ውስጥ ሆዱ ጭቃ እየነካ፣ በጣም በዝግታ፣ ነገር ግን ቀላል በመሆኑ ሳይሰምጥ አለፈ። ካቡ ዘንድ ሲደርስ ሊወጣው አልቻለም። አንድ ሁለት ጊዜ በግንባሩ ነካ አደረገውና ወደ ጎን መሄድ ጀመረ። የካቡን ጥግ ይዞ ሄደ፣ ሄደ፤ ካቡ አለቀ። በዚያ በኩል ዞሮ ጎጆዋ ገባ።

ለካ ካቡ ጫፍ ነበረው። ከዚያ በፊት የሠራኋቸው ሁሉ መሻገሪያ ረጅም እግር፣ መውጫ ጥፍር ወይም መብረሪያ ክንፍ ስለ ነበራቸው፣ ዞር ብሎ የሞከረ አንድም አልነበረም።

ዓለምነው መጥቶ ሲያይ ደነገጠ። ካቡን እስከ ዳር ማድረስ ረስቶ ኖሯል።

«ስሕተቴ ነው፤ ዛሬውኑ እዘጋዋለሁ» አለ።

«ተወው» አልሁት።

«እንዲህ በቀላሉ ከተገባማ ምኑን ጨዋታ ሆነ፣ ጋሼ?»

«ተወው» ብዬ ደገምሁለት። ድምፄ ተለውጦ ኖሮ ትኩር ብሎ አየኝና እጁን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሣ። እስከ ዛሬ አልዘጋውም። መምህሮቹ ስሕተቱን ቢያገኙበት ጥፋቱ በእኔ ነው።

መምሬ ኪዳነ ማርያም የመጡት በዚያው ማግስት ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ልመለስ። ከቤት ስወጣ ለጣሪያችን ቆርቆሮ ሦስት ወር ይበቃኛል ብዬሽ ነበር። ቆርቆሮው ሲገዛ፣ የሣንቃ በር ይዞ ቆርቆሮ ምን ያምራል አልሁ። የብረት በሩ ሲገኝ አልጋ አማረኝ። ከአልጋው በኋላ ለአባትሽ ጋቢ፣ ለራሴም ሰው ፊት የምቀርብበት ኮት። አንቺ በየስልኩ ና ትዪኛለሽ፤ እኔ አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል እልሻለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ከመምሬ በቀር ማንም የማያውቀውን ልንገርሽ። ባለፈው ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ፣ መጥቼ ነበር። ቆርቆሮውን በአይሱዙ እስከ ዲማ አድርሼ፣ ከዚያ ወደ እናንተ መንደር የሚወርዱ አህዮች ተከራየሁ። ባለ አህያው አያውቀኝም። እየጫነ የማን ቤት እንደሚያወርደው ጠየቀኝ፤ የሥራነሽ ቤት አልሁት።

«የሥራነሽ ቤት ቆርቆሮ ከለበሰ እኮ ከረመ» አለኝ። «አባቷ ናቸው ያለበሱላት። ባሏ ከተማ ገብቶ በዚያው ቀረ። አንተ ምኗ ነህ?»

«ምኗም አይደለሁም» አልሁት።

ሥራነሽ፣ ይህን በገዛ አፌ ተናገርሁ። ቆርቆሮውን መምሬ ግቢ አስወርጄ፣ እንዳይነግሩሽ አስምዬ፣ በመጣሁበት መኪና ተመለስሁ። ከዲማ ቁልቁል ስመለከት ጣሪያሽ ፀሐይ መትቶት ያበራ ነበር። ለመቅረቴ ምክንያት ያደረግሁት ነገር ያለ እኔ ተሠርቶ አልቆ ሳይ፣ ምን ይዤ፣ ምን ብዬ ደጅሽ እንደምቆም ጠፋኝ። ከዚያም ወይ ና ወይ እንካፈል ብለሽ ስትልኪብኝ፣ ከመምጣት መካፈል ቀለለኝና አበረን ወከልሁ። እውነቱ ይህ ነው። ሥራ በዛብኝ ያልሁሽ ሐሰት ነው።

ማካፈል ሙያዬ ነው። ቢላዋ ያለ ጉልበት የሚገባበት መገጣጠሚያ በማንኛውም እንስሳ ላይ የት እንዳለ ዐይኔን ጨፍኜ በእጄ አገኘዋለሁ። ከሐሙስ ጀምሮ ያንን ቦታ በአንቺና በእኔ መካከል ስፈልግ ሰንብቼ አላገኘሁትም። ምናልባት አንቺ አግኝተሽው ይሆናል፤ ሁለት ዓመት ብቻዋን የተተወች ሴት ብታገኘው አልፈርድባትም።

ስለዚህ ለአበረ የሰጠሁትን ውክልና አንሥቻለሁ፤ መምሬም ለሽማግሎቹ ይህንኑ እንዲነግሩልኝ ለምኛቸዋለሁ። እርሳቸው ደብዳቤዬን ይዘው ማክሰኞ ይነሣሉ፤ እኔ ቅዳሜ፣ የሆሣዕና ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ እደርሳለሁ። ለጋሼ እንዳላማው ስነግራቸው፣ ለፋሲካ ሉካንዳ ጥሎ የሚሄድ ሥጋ ቆራጭ አይተው እንደማያውቁና ቦታዬን እንደማያቆዩልኝ ቁርጡን ነግረውኛል። ልክ ናቸው፤ አልተከራከርሁም። በሩንና አልጋውን እትዬ ወለተ ኪዳን ዘንድ ትቻቸዋለሁ። ጋቢውን ግን በመምሬ እጅ ልኬዋለሁ፤ ምንም ይሁን ምን የአባትሽ ነው።

ከመጣሁ በኋላ እንካፈል ካልሽ ፊት ለፊት ንገሪኝ። ሽማግሎቹ መድከም አይኖርባቸውም፤ በሬም አልነዳም፣ ቀፎም አላወርድም፤ ሁሉን ትቼልሽ እወጣለሁ። እንዲህ ካላልሽ ግን... ይህን ዐረፍተ ነገር በሦስቱም ግልባጭ ላይ ልጨርሰው ሞክሬ አልሆነልኝም።

የዲማው ጊዮርጊስ በወጣሽ በገባሽ ቁጥር ይከተልሽ። እናትሽንና አባትሽን እጅ ነሥቼ ሰላም ብያለሁ፤ የቀረውን ጾም በሰላም ያስፈጽማችሁ።

እዚህ ግርጌ ላይ፣ ከከተማ የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ ላኪብኝ ብዬ ጽፌ ነበር። ሰርዤዋለሁ።

ባልሽ፣
ዘመነ