የሕፃናት ፊደል ቤት አለቃ ለመሆን ስለሚያስፈልገው ዕውቀት፣ ከብራና ፋቂው ገረሱ

ለክቡር አለቃ ገብረ ክርስቶስ፣ በየካ ተረተር ላይ ላለው ደብራችን አስተዳዳሪና ለሊቃውንቱ ሁሉ የበላይ፤

እጅግ አድርገው እንዴት ሰነበቱ? የእንጦጦ ብርድ የጉልበትዎን ቁርጥማት እንዳልቀሰቀሰብዎት ተስፋ አደርጋለሁ። ከወንበርዎ የሚያስነሣዎት ጉዳይ ጥቂት ስለሆነ ጉልበትዎ ብዙ እንደማይደክም አውቃለሁ፤ ቢሆንም ጤናዎን መጠየቅ ግዴታዬ ነው። እኔ ከደብሩ አጥር በታች የፍየል ቆዳ እየወጠርኩ ብራና የምፍቀው ገረሱ በዳዳ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ብቻ ብልከው በክብር ተጠቅልሎ ከሌሎቹ አቤቱታዎች ጋር እንደሚያርፍ ስለገባኝ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን በደጀ ሰላሙ እንዲነበብ አድርጌያለሁ። አንባቢም ይዣለሁ፤ ከእርስዎ የሚጠበቀው ቆመው መስማት ብቻ ነው።

ሁሉም እንደሚያውቀው ከተማው እንጦጦ ላይ ከተቆረቆረ ወዲህ ገና ከእናታቸው ቀሚስ ያልተላቀቁትን ሕፃናት ሰብስበው ፊደል ሲያስቆጥሩልን የኖሩት እማሆይ ወለተጊዮርጊስ ናቸው። ባለፈው ጥቅምት ግን እርስዎ የሕፃናቱ ቤት በአንዲት ያልተማረች መነኩሴ መመራቱ ደብሩን የሚያሳፍር መሆኑን ደርሰውበት፣ ቦታው በፈተና እንዲሰጥ አዘዙ። ፈተናውም ቅኔ ሆነ። ሊቃውንቱ ከጥዱ ሥር ተሰይመው እማሆይን ተቀኙ ቢሏቸው፣ «እኔ ስቀኝ እነዚህን ልጆች ማን ያሸናልኝ?» ብለው ልጆቹን እየነዱ ወጡ። ይህ መልሳቸው ቤት ስላልመታ ወደቁ። መሪጌታ ዓምደ ሚካኤል ግን አሥራ ሁለት ዓመት በጎጃም ቅኔ፣ አራት ዓመት በጎንደር አቋቋም የተማሩ ናቸውና ሊቃውንቱን አስደንቀው ተሾሙ። የእህትዎ ልጅ መሆናቸው በፈተናው ላይ አንዳች ድርሻ እንዳልነበረው ለጠየቀኝ ሁሉ እመሰክራለሁ፤ የሚጠይቀኝም ሰው ብዙ ነው።

ስለዚህ ሹመት ያለብኝን ምስጋና እንዳይደባለቅብኝ በቁጥር አቀርበዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቋንቋ። ፊደል ቤቱ ካሉት ሠላሳ አንድ ልጆች የሚበዙት በቤታቸው የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው። መሪጌታ በግእዝ ከመላእክት ጋር እንኳ ቢከራከሩ የሚረቱ ሰው ናቸው፤ ኦሮምኛ ግን አንዲት ቃል አያውቁም። በተሾሙ በሦስተኛው ቀን የጎረቤቴ የሂርጳ ልጅ ተነሥቶ ወደ ውጭ መውጣት እንደፈለገ በእናቱ ቋንቋ ነገራቸው። እሳቸው ልጁ ዜማውን የሚያፈርስ መስሏቸው ተቀመጥ አሉት። ልጁ ደገመ፣ እሳቸውም ደገሙ። ሦስተኛ ጊዜ መናገር አላስፈለገውም። ከቦታቸው ቢነሡም መጥተው ሰሌኑን ያጠቡት እማሆይ ናቸው፤ ለዚያ ሥራ ፈተና አልተጠየቁም።

ሁለተኛ፣ ስለ አቀማመጥ። ቤቱ ያለው የፊደል ብራና አንድ ብቻ ነው፤ የፋቅሁት እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። ሠላሳ አንድ ልጅ አንድ ብራና ከቦ ሲቀመጥ ከፊት ያለው ፊደሉን ቀጥ ብሎ ያየዋል፣ ከማዶ ያለው ግን ተገልብጦ ያየዋል። ስለዚህ እማሆይ በየቀኑ ልጆቹን ያዟዙሯቸው ነበር፤ ዛሬ ከማዶ የዋለ ነገ ከፊት ይውላል። ይህ ትምህርት በጎጃም የሚሰጥ አይመስለኝም። መሪጌታ ለቤቱ ሥርዓት ሊያበጁለት ብለው ልጆቹን በየአባቶቻቸው ማዕረግ አስቀመጧቸው፤ የመኳንንቱ ልጆች ከፊት፣ የካህናቱ ከጎንና ከጎን፣ የገበሬና የፋቂ ልጆች ከማዶ። ማንም ከቦታው እንዳይነቃነቅም አዘዙ።

ከማዶ ከተቀመጡት አንዷ የእኔ ዲንቄ ናት፤ ስድስት ዓመቷ ነው። ሰባት ሳምንት ከተማረች በኋላ በቁራጭ ብራና ላይ ፊደል ጽፌ ሰጠኋት። ተቀብላ ገለበጠችውና ከዳር እስከ ዳር አነበበችልኝ፤ አንዲት አልሳተችም። ቀጥ አድርጌ ብመልስላት አንዲቷንም አላወቀቻትም። መጀመሪያ እኔ የተሳሳትኩ መስሏት ሳቀችብኝ፤ ኋላ ግን የተሳሳተችው እሷ መሆኗ ሲገባት «አባ፣ ፊደሉ እኔን አይወደኝም፣ ነገ አልሄድም» ብላ አለቀሰች። አለቃ ሆይ፣ እዚህ ላይ ትሕትናዬን ለጥቂት ጊዜ መሬት አስቀምጬዋለሁ። ተናድጃለሁ። ደኅና የነበረች ልጅ ደደብ ነኝ ብላ እንድታምን ያደረገ ሰው፣ የዓለምን ቅኔ ሁሉ ቢዘርፍ ለእኔ መምህር አይደለም። አሁን ትሕትናዬን አንሥቻለሁ፣ እንቀጥል።

ሦስተኛ፣ ስለ ጉብኝትዎ። የኅዳር ሚካኤል ማግስት ቤቱን ሊያዩ መጥተው፣ ልጆቹ ሀ ሁን በአንድ ድምፅ ሲያወርዱት ሰምተው ደስ ብሎዎት ባርከው ሄዱ። ከሩቅ ስለቆሙ አላዩ ይሆናል እንጂ ልጆቹ በዚያን ሰዓት የሚያዩት ብራናውን ሳይሆን አጥሩ ላይ የወጣችውን ዶሮ ነበር። በቃሉ የያዘ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖም ይለዋል። አባቶቻችን ይህን ስላወቁ ነው ፊደሉን በሌላ ተራ የሚያስኬደውን አቡጊዳን የተዉልን፤ እማሆይም በስንደዶ ከመሐል አንዷን ፊደል እየጠቆሙ «ይቺስ ማን ናት?» ይሉ ነበር። መሪጌታ አቡጊዳ ጊዜ ያባክናል ብለው አስቀርተውታል። እውነታቸውን ነው፤ ማንበብ የማይጠየቅ ልጅ ቶሎ ይጨርሳል።

አራተኛም ነበረኝ፣ ነገር ግን የአንባቢዬ ጉሮሮ አሳሰበኝ። በምትኩ ምክር ላቅርብ። ለሕፃናት ቤት አለቃ ፈተና የግድ ካስፈለገ፣ ከቆዳ ሌላ የማላውቀው እኔ ጥቂት ጥያቄዎች አሉኝ። ሠላሳ አንድ ልጅ ይዞ ሜዳ የወጣ ሰው ሠላሳ አንድ ይዞ ይመለሳል? የሚያለቅሰው ልጅ የራበው ይሁን የተመታ ወይም እናቱ የናፈቀችው፣ በሁለቱም ቋንቋ ይለያል? የትኛው ልጅ እንደሚናከስና ከማን አጠገብ መቀመጥ እንደሌለበት ያውቃል? ጥምጥሙን ሲጎትቱት ይታገሣል? አፉን ያልፈታውን ልጅ ሳይጮህበት ስንት ቀን ይጠብቀዋል? እነዚህን ሁሉ ያለፈ ሰው በተጨማሪ ቅኔ ቢያውቅ አንጠላበትም፣ ይመረቅለት። እማሆይ ይህን ዕውቀት ያገኙት ስድስት ልጅ ወልደው፣ ሦስቱን ቀብረው፣ ከቆቡም በኋላ የሰው ልጆች ሲያቅፉ ነው። እንዲህ ያለውን ትምህርት ቤት መሪጌታ እንዲገቡበት አልመኝላቸውም፤ ነገር ግን የጨረሰችውን ሴት ያልተማረች ማለት ነውር ነው።

እንግዲህ ከሠላሳ አንዱ ልጆች አሥራ አራቱ ከመሪጌታ ቤት ቀርተዋል፤ የት እንደዋሉ ማንም አልጠየቀም። ከመጠየቅዎ በፊት ልንገርዎት። ካለፈው ሰኞ ጀምሮ እማሆይ በእኔ ግቢ፣ ቆዳ በማሰጣበት ቦታ ልጆቻችንን ያስቆጥራሉ። ይህ ፈቃድ መጠየቅ ሳይሆን ማሳወቅ ነው። አራት ብራና ፍቄላቸዋለሁ፤ ዲንቄም ሁለት ቀን አኩርፋ በሦስተኛው ቀን ሀን ቀጥ ብላ እንደቆመች አወቀቻት። ሽታው ትንሽ ያስቸግራል፣ ልጆቹ ግን ከእኛ ቀድመው ለመዱት። መሪጌታም በሥልጠና በኩል የጎደላቸውን ሊሞሉ ቢፈልጉ ከሕፃናቱ ጋር ቁጭ ብለው መማር ይችላሉ፤ እማሆይ ያለ ፈተና ይቀበሏቸዋል።

የማይነቃነቅ ወንበርዎን እግዚአብሔር ያጽናልዎ እያልኩ፣ ከዳኝነትዎ ብዙ ያልጠበቅሁና ስለዚህም ያልተከፋሁ፣ ቡራኬዎን ከሩቅ የምቀበል ታዛዥ ጎረቤትዎ፣

ገረሱ በዳዳ፣ ብራና ፋቂ
የካ፣ ታኅሣሥ ፲፪ ቀን ፲፰፻፸፰ ዓመተ ምሕረት

ማስታወሻ፦ የልጅ ልጅዎ የማርያምወርቅ ከረቡዕ ጀምሮ እኛ ጋ ናት። እናቷ በጓሮ በኩል ይዛት የመጣች ዕለት ለአባቴ እንዳትነግሩ ብላን ነበር፤ ትናንት ግን ልትነግርዎት ፈርታ፣ በደብዳቤው ላይ ጨምሩልኝ ብላ ስለለመነችን ጨምረናል። ልጅቱ ጎበዝ ናት፤ በዚህ ከቀጠለች ለፋሲካ ታነባለች። ይህንንም ደብዳቤ በወረቀት ሳይሆን በብራና የጻፍኩት እስከዚያ ሳይበላሽ እንዲቆይና እሷው ራሷ እንድታነብልዎት ብዬ ነው።