የለሊሴ ጥርስ

ሰኞ፣ ሰኔ 4

ዛሬም አልነቀልኩትም። ጎረቤቴ አያንቱ አጥሩ ጋ ቆማ፣ ጣሪያሽ ላይ በቆሎ በቅሏል፣ ሣሩን ሳያበሰብሰው ንቀይው አለችኝ። ወፍ ጥሎት ይሆናል አልኳት። ዋሸሁ። የጣለችው ልጄ ናት።

ልጻፈው። ግንቦት መግቢያ ላይ የለሊሴ የፊት ጥርስ ወለቀ። ጣሪያ ላይ ወርውራ አዲስ ልትለምን ቸኮለች። የክሊኒኩ ድሬሰር አቶ ታደሰ የልጆች ጥርስ ለምርመራ እየሰበሰቡ፣ ላመጣ ሁሉ ሳሙና ይሰጡ ነበር። ጥርሱን ደበቅኩና ነጭ የበቆሎ ፍሬ በጥጥ ጠቅልዬ ሰጠኋት። ወረወረች። እኔ ጥርሱን ለአቶ ታደሰ ሰጥቼ ሳሙናውን ወሰድኩ። አዲሱ ሳይወጣ ወባ ወሰዳት። ሰባት ዓመቷ ነበር። ገላዋ የታጠበው በዚያው ሳሙና ነው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 5

ጥርሱን መልሱልኝ ልል ክሊኒክ ሄድኩ። አፌ እምቢ አለኝ። ምን ያደርጉታል ብዬ ብቻ ጠየቅኩ።

ሩቅ አገር የሚፈተነው የአቶም ቦምብ አመዱ በዝናብ ይወርዳል አሉኝ። ሣር ላይ፣ ከዚያ ወተት ውስጥ። ልጆች ውስጥ ምን ያህል እንደገባ ለማወቅ ባሕር ማዶ ጥርሱን ያቃጥላሉ፣ አመዱን በአሲድ ያሟማሉ፣ ጨረር ያለውን መርዝ ጥርስን ከሚያጠነክረው ኖራ ይለያሉ። ማር ከሰፈፍ እንደ መለየት ነው፣ ግን ደጋግሞ ደጋግሞ።

«መርዙ ኖራ ይመስላል፣ እትዬ ዘነበች። ሰውነት ኖራ መስሎት ጥርስ ውስጥ ያስገባዋል።»

ወተት አብዝቼ አጠጣት ነበር፣ እሱ ነው የገደላት? አልኩ። አይደለም፣ ወባ ነው አሉ።

ሰውነትም ይታለላል ማለት ነው። እንደ ልጄ።

ጥርሶቹ ያሉበት ሣጥን ሐሙስ ይሄዳል አሉኝ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 6

ጠየቅኩ። አቶ ታደሰ ከሣጥኑ የጥርሶቹን ጠርሙስ አወጡ። የመቱ ከተማ ልጆች ጥርስ ሁሉ አንድ ላይ ነው፤ የአንድ ልጅ ብቻውን ለሥራው አይበቃም። ጨርቅ ላይ ዘረገፉልኝ። አንዱን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። ሌላ አነሳሁ። እናቷ ነኝ፣ አላወቅኩትም።

«የፈለጉትን አንዱን ይውሰዱ» አሉኝ፣ አዝነውልኝ።

የሌላ ሰው ልጅ ጥርስ ወስጄ የለሊሴ ነው ልበል? አንዴ ለውጫለሁ።

አንድ በአንድ ወደ ጠርሙሱ መለስኳቸው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 7

ሣጥኑ በቡና መኪና ወደ ጎሬ ሄደ። ጭቃው ላይ ቆሜ አየሁት።

ለአያንቱ ሁሉን ነገርኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። ጣሪያው ላይ ወዳለው በቆሎ ጠቆመች።

«እሷ የዘራችው ነዋ። ተይው። ጣሪያውን በጋ ላይ አብረን አዲስ ሣር እናለብሰዋለን» አለች።

ትንሽ ቀለለኝ። ለለሊሴ ግን ገና አልነገርኳትም። ነገ መቃብሯ ጋ እሄዳለሁ። ከምን እንደምጀምር አላውቅም።