እማዬን ዝም ያሰኘው አግዳሚ ወንበር

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንዴት ከረምሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ነው የምትሠሪው? ባለቤትሽስ ያ ሳል ለቀቀው? ልጆቹስ? ትልቁ ቁመቱ ትከሻሽን አልፏል ብለሽኝ ነበር፤ ትንሿስ አሁንም ሰው ሲያናግራት ከቀሚስሽ ጀርባ ትደበቃለች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የሚጎድሉን አንቺና ልጆቹ ብቻ ናችሁ። እማዬም ደህና ናት። ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ምላሷ እንደሆነ ፍጹም ጤነኛ ነው።

ዛሬ ግን ብዕር ያነሳሁት ለሰላምታ ብቻ አይደለም። ቁጭ ብዬ መጻፍ እንኳ አቅቶኝ እየተነሳሁ እየተቀመጥኩ ነው። የጠመንጃው ነገር አለቀ! አዎ፣ በደንብ አንብቢው፤ አለቀ ነው የምልሽ።

ለመጨረሻ ጊዜ የመጣሽ ጊዜ የሆነውን መቼም አንረሳውም። ትልቁ ልጅሽ ገና ድክ ድክ ሲል፣ ከበሩ ጀርባ የአባባን ጠመንጃ አፈሙዝ በሁለት እጁ ጨብጦ አገኘሽው። እማዬ ባዶ ነው፣ ምን ያስጮኽሻል አለችሽ፤ ስትከፍቺው ጎርሶት የነበረ ጥይት ወጣ። በማግስቱ ሻንጣሽን አንስተሽ ሄድሽ፤ ያ ጠመንጃ እዚያ እስከቆመ ድረስ ልጆቼን ይዤ ደጁን አልረግጥም አልሽ። እማዬ ደግሞ አባታችሁ መጋዘን እየጠበቀ ያሳደጋችሁ በዚህ ነው፣ ፈቃዱም በስሜ ዞሯል፣ ከቤቴ አይወጣም አለች። ሁለታችሁም የአባባን ግትርነት ተካፍላችሁ ወሰዳችሁ፤ ለእኔ የተረፈኝ መሃል ቆሞ ስልክ ማቀበል ነው። አንቺን ስለምንሽ እሺ አትዪ፣ እሷን ስለምናት ጆሮ ዳባ ልበስ! ትንሿን ልጅሽን እማዬ እስከ ዛሬ በፎቶ እንጂ በዓይኗ አላየቻትም እኮ።

አናጢ ተብዬ በእናቴ ቤት ይህችን ካላስተካከልኩ መጋዜን ጥዬ ሌላ እንጀራ ልፈልግ አልኩ። መጀመሪያ የሠራሁት ቁም ሣጥን ነበር። አይ ቁም ሣጥን! ጣውላውን አንድ በአንድ መርጬ፣ ልጌና አለስልሼ፣ ቫርኒሹን ደራርቤ ስቀባው መስታወት መሰለ። ልብስ ከሚሰቀልበት በስተኋላ የውሸት ጀርባ አበጀሁለትና ጠመንጃውን እዚያ ቆለፍኩት። አንድ ነገር ግን ረሳሁ፤ እናታችንን! እማዬ በልጇ ሥራ ኮርታ፣ የመጣውን እንግዳ ሁሉ በእጁ እየጎተተች፣ ልጄ ጠመንጃውን የት እንደደበቀው ላሳይህ እያለች የውሸት ጀርባውን ትከፍት ጀመር። ወተት የምታመጣልን ሴት ሳትቀር አየችው። አንድ ቀን መንገድ ላይ የማላውቀው ሰውዬ አስቁሞኝ፣ እጅህ ይባረክ፣ እንዲያው ማጠፊያውን እንዴት አድርገህ ነው የሸሸግከው አለኝ። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? እማዬን ስቆጣት፣ ታዲያ የልጄን ሥራ ለአይጥ ላሳይ እንዴ አለችኝ።

ብልህ ከሰው ስህተት፣ ሞኝ ከራሱ ይማራል ይባል የለ፤ ተማርኩ። ቁም ሣጥኑን አፈረስኩት። እማዬ አኮረፈችኝ፣ እኔም ቻልኩት። ሁለተኛው መደበቂያ ሰው ዞር ብሎ የማያየው፣ ቢያውቀውም የማይከፍተው መሆን ነበረበት። በያጁ ጓደኛዬ ከወፍራም ላሜራ ረጅም ሣጥን በየደልኝና ከወለሉም ከግድግዳውም ጋር በብሎን አሰርነው፤ ብሎኖቹ ከውስጥ ስለሆኑ ቁልፍ የሌለው ሰው ሊፈታቸው አይችልም። በላዩ ላይ ከፈረሰው ጣውላ አግዳሚ ወንበር ሠራሁበት። ጌጥ የለው፣ ቅርጽ የለው፣ የትም ቢሮ ደጃፍ ሰው ተራ የሚጠብቅበት ዓይነት ወንበር! እጄ አንዲት አበባ ልትቀርጽበት ስንት ጊዜ ቃጣት መሰለሽ። ጥይቱን ደግሞ ለይቼ በሌላ ክፍል፣ በትንሽ የብረት ሣጥን ለብቻው ቆለፍኩት።

በመጨረሻው ሰዓት ምን ቢገጥመኝ ጥሩ ነው? ክዳኑ አልገጥም አለ። ለካ ስለካ የጠመንጃውን የትከሻ ማንገቻ አልቆጠርኩትም! እማዬን ማንገቻው ይፈታ ብላት፣ አባትህ በእጁ የሰፋውን ነክተህ እንዳላይ አለች። ምን ይደረጋል፣ ክዳኑን ገልብጬ ውስጡን በመሮ ስፈለፍል ዋልኩ። አሁን ጥፍር አያስገባም። እንዴት እንደሚከፈት ግን እዚህ አልጽፍልሽም፤ ደብዳቤ መንገድ ላይ ስንት እጅ እንደሚነካው ታውቂያለሽ።

የቀረኝ የእማዬ አፍ ነበር። እሱን በምን ልቆልፈው? ይሄኛውን ላንድ ሰው ካሳየሽ ልጅሽ አትመጣም፣ በቃ አልኳት። ሹራቧን አንስታ መሥራት ጀመረች፤ ይሄ ጭራሽ አስፈራኝ።

ባለፈው እሑድ ኤክስሬይ መጣ። ጎረቤታችንን ማለቴ ነው፣ ያ ዕድሜውን ሙሉ ኬላ ላይ ሲፈትሽ ኖሮ ጡረታ የወጣው፣ ጫማ ውስጥ የተሰፋ ወርቅ በዓይኔ ብቻ አገኝ ነበር የሚለው። የቁም ሣጥኑን ቦታ ባዶ ሲያየው ጠመንጃውን ሸጣችሁት እንዴ አለ። እኔ አፌን ሳልከፍት እማዬ ቀደመችኝ፤ እዚሁ ቤት ነው፣ ፈታሽ ነኝ ካልክ ፈልገህ አግኘው አለችው። ኧረ በፈጠረሽ! አለቀልን፣ አሁን ልታሳየው ነው አልኩ በልቤ።

ኤክስሬይ እጅጌውን ሰብስቦ ተነሳ። ፍራሽ ገለበጠ፣ አልጋ ሥር ተንበረከከ፣ ግድግዳውን በጣቱ እያንኳኳ ጆሮውን ለጠፈ፣ ኮርኒሱ ላይ ባትሪ አበራ። እማዬ ሹራቧን እየሠራች ቀና እንኳ አላለችም፤ ላብ ያጠመቀው እኔን ነው። በመጨረሻ ሰውዬው ደከመውና የት ቢቀመጥ ጥሩ ነው? ወንበሩ ላይ ዘፍ አለልሻ! ግንባሩን እየጠረገ፣ እኔን አታሞኙኝ፣ እዚህ ቤት ጠመንጃ ካለ አንገቴን ለካራ አለ። ይባስ ብሎ ወንበሩን መታ መታ አድርጎ፣ ይቺ ግን ትመቻለች፣ ለእኔም አንድ ብትሠራልኝ አለኝ። እማዬ ረጋ ብላ፣ ደክሞሃል፣ ሻይ ላፍላልህ አለችው።

እሱ ወጥቶ በሩ ሲዘጋ እማዬ ሹራቧን ጥላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። አባባ ካረፈ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። እንባዋን እየጠረገች፣ ለካ ዝም ማለትም እንዲህ ይጣፍጣል አለች።

ከዚያ ተነስታ የጥይቱን ሣጥን ቁልፍ አመጣች። የጠመንጃው ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው፣ የጥይቱን ግን እሷ ይዛው ነበር። ይሄን ለእህትህ ላክላት፣ እሷ መጥታ በእጇ ካልከፈተችው ጥይቱ ከዚያ አይወጣም በላት አለች። እታለም፣ እማዬ ናት ይህን ያለችው! ቁልፉን ጨብጬ ወደ ሥራ ቤቴ ወጣሁ። በጨርቅ ተጠቅልሎ ከዚህ ደብዳቤ ጋር የደረሰሽ ቁልፍ እሱ ነው፤ ቅጂ የለውም። እንግዲህ ምክንያት አጣሽ፤ ትኬትሽን ቁረጪ!

ለባለቤትሽ ከፍ ያለ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ትልቁን፣ አጎትህ መላግ ሊያስተምርህ ጣውላ አስቀምጧል በዪልኝ። ባለቤቴን በጣም ናፍቀሻታል፣ ለልጆቹ የሚሆን አልጋ ካልተሠራ ብላ ከአሁኑ ፋታ ነስታኛለች። በያጁም ሰላም ብሎሻል። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ የምጽፈውን እያስነበበችኝ ነው። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ ብለህ ጻፍ ብላኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ ተወው፣ አትጻፈው፣ ራሴ እስማታለሁ አለች።

ታናሽ ወንድምሽ

ከእማዬ ቤት፣ ከሳሎኑ መስኮት ሥር
እሑድ ከሰዓት በኋላ